ስክሪፕቱ እጄ ገብቷል፤ ከቀረጻ በፊት ዳይሬክተር ምን ይሠራበታል?

የሾላዋ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? የመጀመሪያ ረጅም ፊልሜን ልቀርጽ ነው። ጽሑፉ የጓደኛዬ ነው፣ 92 ገጽ። ቀረጻው ከመስቀል በኋላ ይጀመራል። ካሜራ ማኑ «ሾት ሊስት ላኪልኝ» እያለኝ ነው፤ አንድ በአንድ የሚቀረጹትን ምስሎች ዝርዝር ማለቱ ነው። ረዳት ዳይሬክተሩም ብሬክዳውኑን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ትዕይንት (ሲን) የሚያስፈልገውን መዘርዘሩን፣ ጀምሯል። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት የእኔ የሆነ ሥራ እንዳለ ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ነው በደንብ ያልጨበጥኩት። አጫጭር ፊልሞች ስሠራ ሁሉንም ነገር በአእምሮዬ ይዤ ነበር የምሄደው። 92 ገጽ እንደዚያ አይያዝም።

በምሳሌ እንድታግዙኝ አንድ ሲን ላስቀምጥ።

ሲን 14። ውስጥ። የእናት ቤት፣ ሳሎን። ቀን።
አልማዝ ከቤሩት ከተመለሰች ሁለተኛ ቀኗ ነው። እናቷ ቡና ታፈላለች። ወንድሟ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። አልማዝ ለሰባት ዓመት የላከችው ብር ቤት እንደተሠራበት ነው የምታውቀው። ቤት የለም። ሲኑ ሲያልቅ ታውቃለች።

ሁለት ገጽ ተኩል ነው፣ አብዛኛው ንግግር። ዳይሬክተር የሆናችሁ፣ እንዲህ ያለ ገጽ ስትይዙ ከምን ትጀምራላችሁ?


የድሮ መድረክ፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ደግ ጠይቀሻል። ሾት ሊስት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከእሱ ይጀምራል። ሲኑ ምን እንደሆነ ሳታውቂ ካሜራው የት ይቁም ብለሽ ብትጨነቂ፣ የምታገኚው የሚያምር ሥዕል ነው። ልብ አይነካም።

መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርሽ። አዲስ ጽሑፍ ሲሰጠኝ እስክሪብቶ አልይዝም። ስልኬን አጥፍቼ በአንድ ቁጭታ አነበዋለሁ። ተመልካች ፊልሙን ምንም ሳያውቅ የሚያየው አንዴ ነው፤ እኔም እንደ ተመልካች የማነበው አንዴ ብቻ ነው። ስጨርስ የት ላይ እንደደነገጥኩ፣ የት ላይ እንደሰለቸኝ፣ ማንን እንደጠላሁ እጽፋለሁ። አንቺ አንብበሽዋል፣ ግን ስሜቱ ገና ካንቺ ጋር ነው። ዛሬ ማታ ጻፊውና አስቀምጪው። ከሦስት ወር በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ሆነሽ ሁሉም ነገር ሲደነዝዝብሽ ያ ወረቀት ያድንሻል።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ መልሺ፤ ይህ ፊልም ስለ ምንድን ነው? ሲድኒ ሉሜት የሚባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር ስለ ሥራው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚያነሳው ጥያቄ ይሄ ነው። «ከቤሩት ስለተመለሰች ልጅ» ካልሽኝ ታሪኩን ነገርሽኝ። ስለ ምንድን ነው? ስለ ውለታ ነው? ቤተሰብ እርስ በርሱ እየተዋደደ ስለሚደባበቀው ነገር ነው? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ስክሪፕቱ ሽፋን ላይ ለጥፊው። የልብሱ ቀለም፣ የሌንሱ ምርጫ፣ የተዋናዩ ድምፅ ከፍታ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመነጨው። ሉሜት መልሱን ሲያገኝ ነው ከሌሎቹ ባለሙያዎች ጋር ቁጭ ብሎ ፊልሙ እንዴት ይሠራ ወደሚለው የሚሄደው።

አሁን ወደ ሲን 14። በራስሽ ኮፒ ላይ በቅንፍ የተጻፉትን «በሐዘን»፣ «ተናድዳ»፣ «እያመነታች» የሚሉትን በእርሳስ ሰርዣቸው። ጸሐፊዋን መናቅ አይደለም። እሷ ያሰበችውን ለማሳየት ጻፈችው፤ ተዋናይዋ ግን «በሐዘን» የሚለውን ካነበበች ሐዘን ፊቷ ላይ ትለጥፋለች። በቦታው «ምን ትፈልጋለች?» የሚለውን ጻፊ።

እናት ምን ትፈልጋለች? እኔ ከሰጠሽን ሳነበው፣ ልጇ ዛሬ እንዳትጠይቅ ነው የምትፈልገው። ቢያንስ ቡናው እስኪያልቅ። ወንድም መውጣት ይፈልጋል፤ ግን ቡና ሳይጠጣ ቢነሳ መናዘዝ ይሆንበታል። አልማዝ ቤቱን ማየት ትፈልጋለች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ፍላጎት፣ አንዱም አይናገረውም። ይሄ ከተያዘልሽ ንግግሩ ራሱ ይለወጣል።

ከዚያ ዋናውን ፈልጊ። አልማዝ የምታውቀው መቼ ነው? ወንድሟ ሲናገር ነው? ወይስ ከዚያ በፊት፣ እናቷ ዓይኗን ከጀበናው አልነቅል ስትል? ቀድማ ካወቀች ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው ሁሉ የምታውቀውን ነው። ያኔ «ቤቱ የቱ ጋ ነው?» የሚለው መስመር ጥያቄ መሆኑ ይቀርና ልመና ይሆናል። እዚያች ቦታ ላይ በቀይ አስምሪ። ካሜራሽ፣ ዝምታሽ፣ መብራትሽ እሷን ነው የሚጠብቀው።


ኮንቲኒዩቲ ነኝ፦

ሥራዬ አንዱ ሾት ከሌላው ጋር እንዲገጥም መከታተል ነው። ጋሼ የጻፉት ላይ ልጨምር። ጸሐፊዋ «እናቷ ቡና ታፈላለች» ብላ አልፋለች። ዳይሬክተሯ ግን ማለፍ አትችልም። የትኛው ቡና ላይ ነን? አቦል? ቶና? በረካ?

እህቴ፣ ሁለት ገጽ ተኩል ማለት ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው። ከመቁላት እስከ በረካ ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ሦስቱንም ካሳየሽ ሰዓት እየዘለልሽ ነው፣ ማለትም ሲኑ ሦስት ሲን ሆኗል። አንዱን ከመረጥሽ ደግሞ ሲኑ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን አሁን ወስኚ። እዚያው ቀረጻ ላይ ሠላሳ ሰው ቆሞ እየጠበቀሽ አይወሰንም።

ከተወሰነ በኋላ ለእያንዳንዱ መስመር የምጽፈው እንዲህ ነው፤ ሲኒው ስንት ሞልቷል፣ በየትኛው እጇ ይዛዋለች፣ ከሰሉ ምን ያህል ቀልቷል፣ ዕጣኑ እየጨሰ ነው ወይስ አልቋል። ጭስ በተለይ ያስቸግራል። የእናትን ሾት ጠዋት፣ የአልማዝን ከምሳ በኋላ ብትቀርጹ፣ አንዱ ላይ ክፍሉ ታፍኖ ሌላው ላይ ጥርት ይላል። ኤዲተሩ ሁለቱን ማገናኘት ያቅተዋል።

ሌላው የታሪክ ቀን ነው። ስክሪፕቱን ይዘሽ ከሲን 1 ጀምረሽ በኅዳጉ ላይ «ቀን 1»፣ «ቀን 2» እያልሽ ጻፊ። የቀረጻ ቀን አይደለም፣ በታሪኩ ውስጥ የሚያልፈው ቀን ነው። አልማዝ ስትደርስ የለበሰችው ምንድን ነው? በማግስቱስ? ፀጉሯን መቼ ተሠራች? የአልባሳትና የሜካፕ ሰዎች የሚጠይቁሽ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ያላስተዋለው ስህተት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ተጀምሮ «ትናንት እሁድ» የሚል ሰው ይገኝበታል።


ሾላን የሚወድ፦

ይሄን ሴቭ አድርጌዋለሁ። ቀጥሉ።


ብርሃንና ጥላ፦

እኔ ካሜራ ላይ ነኝ የምሠራው። «ሾት ሊስት ላኪልኝ» የሚለውን ሰውዬ አትቀየሚው፣ መሣሪያ ኪራይ ላይ ዋጋ እየጠየቀ ስለሆነ ነው። ግን እኔን ብትጠይቂኝ ከሾት ሊስት በፊት ሁለት ነገር ብትልኪልኝ እመርጣለሁ፤ ያቺ በቀይ ያሰመርሽባትን ቦታ፣ እና የክፍሉን ፕላን ከላይ የታየ አድርገሽ። ሥዕል መቻል አያስፈልግም። በር፣ መስኮት፣ ሶፋ፣ ረከቦት፣ ሦስት ክብ ለሦስት ሰው። ሰዎቹ ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚሄዱ በቀስት። ከዚያ ካሜራውን አብረን እናስቀምጣለን።

ጋሼ ሉሜትን ስላነሱ እኔም በእሱ ልቀጥል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ትዌልቭ አንግሪ ሜን የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ሲከራከሩ፣ ፊልሙ ከሞላ ጎደል አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሰውዬው ቀረጻ ሳይጀምር የሌንስ ዕቅድ አወጣ። የፊልሙ የመጀመሪያ ሲሶ ከዓይን ከፍታ በላይ ሆኖ ይቀረጻል፣ መካከለኛው በዓይን ከፍታ፣ የመጨረሻው ከዓይን በታች። ሌንሱም እየረዘመ ይሄዳል፣ ማለትም ከኋላ ያለውን ይበልጥ የሚያቀርብ ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳው እየተጠጋ ይመጣል፣ መጨረሻ አካባቢ ጣሪያው ይታያል። ተመልካቹ ይህን አያውቅም፤ ትንፋሽ እያጠረው ግን ይሰማዋል። የመጨረሻው የውጪ ሾት በሰፊ ሌንስ ተቀርጾ እፎይ ያሰኛል።

ለእኛ በጀት ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት አለው። መብራት ማዟዟር ጊዜና ገንዘብ ስለሚበላ፣ አንድን ወንበር መብራት ካስተካከሉለት በኋላ በዚያ ወንበር ላይ የሚባለውን ሁሉ ይቀርጹ ነበር። ከዚያ ወደሚቀጥለው ወንበር። በታሪኩ ቀን ላይ ብርሃኑ ይለወጣል፣ ዝናብ ይመጣል፣ መብራት ይበራል፤ ስለዚህ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞሩት። አስቡት፣ አንዱ ተዋናይ ሲጮህ መልሱን የሚሰጠው ሰው ከቀናት በኋላ ነው የሚቀረጸው። ይህን ማድረግ የቻለው ሁለት ሳምንት ሙሉ አስቀድሞ ስላለማመዳቸው፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ስሜቱ የት እንደደረሰ አውቆት ስለነበር ነው።

ሲን 14 ትንሽ ሳሎን ነው። አልማዝን፣ እናትን፣ ወንድምን ለየብቻ ጨርሰን ብንሄድ ግማሽ ቀን እናተርፋለን። ግን አንቺ ቀድመሽ ካወቅሽው ብቻ ነው የሚሆነው።


ሀሳብ በነጻ፦

እኔ ትንሽ ልለይ። ይህ ሁሉ ወረቀት ፊልሙን ይገድለዋል ብዬ እሰጋለሁ። የሀገራችን ብዙ ፊልሞች ችግር ሁሉም ነገር የተደረደረ መምሰሉ ነው። ተዋናዩ ምልክቱ ላይ ቆሞ መስመሩን ይላል፣ አለቀ። ሕይወት እንደዚያ አይደለችም። ሕንዳዊው ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣውን ፓተር ፓንቻሊን ሲሠራ የተሟላ ስክሪፕት አልነበረውም። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ማይክ ሊም ያለ ስክሪፕት ነው የሚጀምረው። አንቺም ልብሽን ተከተዪ፤ ሎኬሽን ላይ የሚመጣልሽን ነገር አትከልክዪው።


የድሮ መድረክ፦

ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ተዋናይን ምልክት ላይ ቸንክሮ ማስቀመጥ እኔም አልወድም። ግን ሁለቱም ምሳሌዎችህ ወደ እኔ ነው የሚያደሉት። ራይ የተሟላ ስክሪፕት አልነበረውም፤ የሥዕል ደብተር ግን ነበረው። ሠዓሊ ነው፣ ሾቶቹን እየሣለ፣ ማስታወሻ እየጻፈ ነው የሠራው። ማይክ ሊም ስክሪፕት ይዞ ባይጀምርም፣ ከተዋናዮቹ ጋር ወራት የሚፈጅ ልምምድ አድርጎ፣ ገጸ ባሕርያቱን አንድ በአንድ ገንብቶ ነው ካሜራ ፊት የሚቀርበው። ዝግጅቱ ወረቀት ላይ አለመሆኑ ዝግጅት አልነበረም አያሰኘውም።

እኔ ቀረጻ ላይ ድንገት የሚመጣን ነገር በጣም ነው የምወደው። ዶሮ ሳሎን ውስጥ ቢገባ ልተወው እችላለሁ። ግን ልተወው ወይስ ላቁመው የሚለውን በሁለት ሰከንድ ውስጥ የምወስነው ሲኑ ስለ ምን እንደሆነ ካወቅኩ ነው።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከአሜሪካ ነኝ። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለው ስሌት የመጣው ከእንግሊዝኛ ስክሪፕት ነው። ኩሪየር የሚባል ፎንት፣ መጠን 12፣ የተወሰነ ኅዳግ። አማርኛ ላይ ፎንቱ ሌላ፣ መጠኑ ሌላ፣ አጻጻፉም ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ 92 ገጽሽ 92 ደቂቃ ነው ብለሽ ፕሮግራም አታውጪ። ሰዓት ይዘሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ንግግሩን በተዋናይ ፍጥነት፣ ድርጊቱን ዓይንሽን ጨፍነሽ እያየሽ። ለእያንዳንዱ ሲን ደቂቃውን ኅዳጉ ላይ ጻፊ። ረዳትሽ ገጹን በስምንት ከፍሎ «ይሄ 2 ከ4/8 ነው»፣ ማለትም ሁለት ገጽ ተኩል፣ ሲልሽ፣ አንቺ ደግሞ «በሰዓት ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው» ትይዋለሽ። ሁለቱ ሲለያዩ ነው የቀረጻው ቀን የሚጨናነቀው።

ሁለተኛ፣ ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ጎድፋዘር የተባለውን ፊልም ከመቅረጹ በፊት ያዘጋጀው ደብተር ታትሞ ወጥቷል፤ ገልጬ አይቼዋለሁ። ፊልሙ የተሠራበትን የልብ ወለድ መጽሐፍ ገጾች እየቀደደ ትላልቅ ወረቀት ላይ ለጠፋቸው፣ ዙሪያውን በእጁ ጻፈበት። ለየክፍሉ አምስት ነገር ይመልሳል። የሲኑ ጭምቅ ምንድን ነው? ዘመኑ ምን ይመስል ነበር? መልኩና ድባቡስ? ልቡ የቱ ጋ ነው? አምስተኛው በጣም ደስ የሚለኝ ነው፤ ይህን ሲን ሊያበላሹብኝ የሚችሉት ነገሮች ምንድን ናቸው? ከቀረጻ በፊት የምትፈሪውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ሲን 14ን በእነዚህ አምስት ሞክሪያት።


መጋረጃ፦

እኔ ተዋናይ ነኝ። ከእኛ ወገን አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ንባቡን አትዝለዪው። ሁሉም ተዋናይ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ስክሪፕቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብ። ጸሐፊዋም ትኑር። በዚያ ቀን ማንም እንዲተውን አትጠይቂ፣ ዝም ብሎ ያንብብ። አንቺ ስክሪፕቱን አትመልከቺ፣ ጆሮሽን ብቻ ስጪ። አፍ ላይ የማይገባ መስመር ወዲያው ይታወቃል። «እጅግ አዝኛለሁ እናቴ» የሚል ልጅ ሾላ ውስጥ የለም።

አልማዝ እናቷን አንቺ ነው የምትለው ወይስ እርስዎ? ወንድሟስ? ይሄ በስክሪፕቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ፤ ከተለወጠም ሆን ተብሎ ይለወጥ። አንቺ ስትላት የኖረች ልጅ በሲኑ መጨረሻ እናቷን እርስዎ ብትላት ተመልካቹ ይደነግጣል። ለቅሶ አያስፈልገንም።

ልምምድ ላይ ደግሞ ውጤቱን አትንገሪን። «እዚህ ጋ ተሰበሪ» ስትይኝ እንዴት እንደምሰበር አስባለሁ። «ወንድምሽ ከመውጣቱ በፊት ያን ቃል ከአፉ አውጪ» ካልሽኝ ግን የምሠራው ሥራ አገኘሁ።


የሾላዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ሽፋኑ ላይ የለጠፍኩት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው፤ «ሰው ለሚወዳቸው ብሎ የከፈለውን ዋጋ የሚወዱት ሰዎች ማየት ሲያቅታቸው»። ሲን 14ን ደግሞ ከጸሐፊዋ ጋር ተቀምጠን በአምስቱ ጥያቄ ሠራናት።

ሲኑ የሚጀምረው ቶናው ሲቀዳ ነው። የሚያልቀው እናት ለበረካ ጀበናው ውስጥ ውሃ ስትጨምር። ዘመኑ አሁን ነው፣ ግን ሳሎኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አልማዝ የላከችው ነው፤ ቴሌቪዥኑ፣ መጋረጃው፣ ወንድሟ የያዘው ስልክ። ይሄ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም፣ ለአርት ዳይሬክተሩ ጽፌለታለሁ። ልቡ ውሃው የሚጨመርበት ቦታ ነው። አልማዝ ያኔ አውቃለች፣ ግን ቡናው አላለቀም፣ በረካ ሳትጠጣ መነሳት አትችልም። መቀመጥ አለባት። ጸሐፊዋ ይሄን ስታይ ከዚያ በኋላ የነበሩትን መስመሮች ራሷ አወጣቻቸው።

ሊያበላሹብን የሚችሉት፤ አልማዝ ካለቀሰች። ወንድም ክፉ ሰው ከሆነ፤ ብሩ የት እንደገባ ሲን 31 ላይ ስናውቅ ልናዝንለት ይገባል። ሙዚቃ ከገባ። ቡናው ለእንግዳ የሚቀርብ ትርዒት ከመሰለና ካሜራው ጭሱን እያሳደደ ከዋለ። ይሄን የመጨረሻውን ለካሜራ ማኑ ስልክለት «ልክ ነሽ» ብሎ መለሰልኝ።

በሰዓት ሳነበው ሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ሆነ። ዝምታው ነው የጨመረው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ያገኘነው ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ይቆማል ብለን ነው። ስክሪፕቱ ላይ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?


ቡም ያዥ፦

አለ። ዝናቡ ከመስቀል በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ግን አንዳንዴ ይዘንባል። ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ካፊያም ቢሆን ንግግሩን ይበላዋል፣ በኋላም አይጸዳም። ስለዚህ ስክሪፕትሽ ላይ በጣሪያው ሥር የሚቀረጹትን ሲኖች ሁሉ ምልክት አድርጊባቸውና ከመካከላቸው ንግግር የሌላቸውን ለይልኝ። ሲን 14 ለፕሮግራሙ መጀመሪያ ሳምንት እንዳትገባ ለረዳትሽ ንገሪው። በዚያ ቤት የሚቀረጽ ንግግር የሌለው ሲን ሁልጊዜ በተጠባባቂነት ይያዝ፤ ዝናብ ከመጣ ወደሱ እንዞራለን፣ ቀኑ አይባክንም።

ሌላው፣ ሎኬሽን ስታዪ በቀረጻው ሰዓት እዪው። ሲኑ ቀን ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሄደሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ጎረቤት ብየዳ ቤት አለ? ትምህርት ቤት ደወል? የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ በስንት ሰዓት ነው የሚሰማው? ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢ። ያንቺ ሲን በዝምታ ነው የሚያልቀው፤ ያ ቤት ውስጥ ዝምታ ያለበትን ሰዓት ካላገኘን ቤቱን መቀየር ይቀላል፣ አሁን ገና ጊዜ አለ።


የሾላዋ፦

ገባኝ። ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ፣ ረዳቴንም ይዤው እሄዳለሁ። የሰማሁትን ሰዓት በሰዓት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።